ለአንድ ሰው አንድ ባቄላ

ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያወቅሁት ሽታውን ነው። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፤ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ቀረሁ፤ አፍንጫዬ ግን ቤቱን ቀድሞ ለይቶት ነበር። ነቀዝ የገባው ባቄላ፣ አይጥ የተመላለሰበት ጆንያ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ የሰው ላብ። አርብ ገበያ ከተማ ያለው የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ነው። በዚያው ዓመት የኮታ እህሌን በአህያ ጭኜ መጥቼ እዚያው ደጃፍ ላይ አራግፌ ተመልሻለሁ። እህሌን ባስገባሁበት በር ነው እኔን ያስገቡኝ።

የተያዝኩት ከአውድማ ላይ ነው። ገብስ እያበራየሁ ነበር። ሁለት ታጣቂዎች መጡና በሬዎቹን ፍታ አሉኝ፤ ፈታሁ። ለሽፍታ ስንቅ አቀብለሃል ነው ነገሩ። ያን ጊዜ በደርግ ላይ ጫካ የገባውን ሁሉ ሽፍታ ነበር የሚሉት። ጠመንጃ ይዞ ደጄ የቆመ ሰው ቆሎ ስጠኝ ቢለኝ ሰጥቻለሁ፤ ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ ሰው የለም። መጋዘኑ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ገብሱም አውድማው ላይ እንደ ተበተነ ቀረ።

ዓይኔ ሲለምድ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡልኝ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀምጠዋል። አንዱ ከጥግ ሆኖ፣ «ግባ እንጂ፤ አልጋህን ስናነጥፍ ነው የቆየነው» አለኝና ጠጋ ብሎ የመቀመጫ ያህል ለቀቀልኝ። እሱ ጨውና ጨርቅ የሚነግድ ሙስሊም የከተማ ሰው ነው። ሁሉም ሐጂ ይሉታል። ሐጅ ግን ሄዶ አያውቅም፤ በዕድሜው የረገጠው ሩቅ አገር ወልድያ ነው። ራሱም ይህን እያነሣ ይስቅ ነበር። ዕቃ ደብቀሃል ተብሎ ነው የገባው።

ከሱ ቀጥሎ፣ ከበሩ ስንጥቅ ብርሃን የምትገባበት ቦታ ላይ፣ መሪጌታ ነበሩ። ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር ነው ያመጧቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስንጥቋን የሰጧቸውም ለዚያ ነው። ለምን ታሰሩ ሲባሉ፣ «በስብሰባ ላይ ዝም በማለቴ» ይላሉ፣ ሌላ አይጨምሩም። ከሳቸው ወዲያ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የመጣ ተማሪ አለ፤ ጢሙ ገና ያልጠና፣ ድምፁን ከሰማንበት ቀን ያልሰማንበት የሚበልጥ ልጅ። የቀሩት እንደኔው ገበሬዎች ናቸው።

በመጋዘኑ አንድ ወገን፣ በጣውላ የተከለለች፣ ድሮ ሚዛኑ ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚያ አንዲት የእስቴ ሴት ከልጇ ጋር ታስራለች። ባሏ ጫካ ገባ ተባለ፤ እሱ ሲታጣ እሷን ያዙ። ሕፃኗን የሚቀበል ዘመድ በቅርብ ስላልነበረ አብራ ገባች። የወተት ጥርሷ እንዳለ ነው። ቀን ቀን ክፍሏ ይከፈትና ከኛ ጋር ይውላሉ። ልጅቷ እኔን አብዬ ትለኝ ጀመር። እኔም ቤቴ ትቻት የመጣሁ የሷ እኩያ ልጅ ነበረችኝ፤ ስትጠራኝ አንዳንዴ ወዲያው አልመልስላትም ነበር።

ሥራ ነበረን። ካለፈው ክረምት ጣራው አፍስሶ ጆንያው በስብሷል፤ ባቄላው ከአተሩ፣ ሽምብራው ከጓያው ተደባልቋል። ለዘር ይፈለጋልና ልቀሙ አሉን። ሰፌድ አመጡልን። ጠዋት ወደ ግቢው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡናል፤ ስንለቅም እንውላለን። እውነቱን ለመናገር ሥራው ደግ ነገር ነው። እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ ትንሽ ይረጋል።

ልጅቷ መጀመሪያ ትበታትንብን ነበር። እናቷ ተቆጣቻት። ተያት አልኩና አንድ እፍኝ ድብልቅ ከፊቷ አፈሰስኩላት።

«የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጊልኝ» አልኳት።

ባቄላውን ለብቻ አደረገች፤ ትልቅ ስለሆነ አላስቸገራትም። አተርና ጓያው ላይ ቆመች። አንዱን ታነሣለች፣ ትጥላለች። እኔ ዝም አልኩ። እኔን አባቴ የዘር እህል ያስለቀመኝ እንዲህ ዝም ብሎ ነው፤ የኛ አገር ልጅ ጓያን ከአተር ሳይለይ አያድግም፤ ጓያ ሲበዛ እግር ይይዛልና። በመጨረሻ አንዷን ፍሬ በጣቶቿ መሃል አሽከረከረቻት።

«በምን ለየሻት?» አልኳት።

«ይቺ ጥግ አላት። ያቺኛዋ ትንከባለላለች።»

በማግሥቱ ደግሞ ያንኑ እህል ደባልቄ፣ አሁን በመልኩ ለዪው አልኳት፤ ነጩን ለነጭ፣ ጥቁሩን ለጥቁር። ግራ ገባት፤ ትናንት አብረው የነበሩት ዛሬ እንዴት ይለያያሉ ብላ። ከዚያ በትልቅና በትንሽ። ከዚያ ነቀዝ የበሳውንና ያልበሳውን። ሁልጊዜም ስትጨርስ በምን ለየሽ እላታለሁ፤ ሳትነግረኝ ሌላ እፍኝ አልሰጣትም። እየቆየ እሷ ራሷ እየለየች «አብዬ፣ በምን እንደለየሁ እወቁ» ትለኝ ጀመር። አንድ ቀን ለይታ አስቀመጠች፤ ብመለከት ብመለከት አላገኘሁትም። ሐጂም አየው፣ መሪጌታም በጣታቸው ዳሰሱት። ያቃተንን አይታ በሳቅ ፈረሰች። ለካ አንዱ ክምር እኔ የለቀምኩት ነው፣ አንዱ ሐጂ የለቀመው ነው። ከእጃችን ስትቀበል አይታ ነበር የለየችው።

መቁጠርም የጀመረችው በዚሁ ነው። ሐጂ በግቢው መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ገበጣ ሠርቷል፤ በባቄላ ነው የምንጫወተው። አጠገቡ ትቀመጥና ለየጉድጓዱ አንድ አንድ ፍሬ ስትጥል ትውላለች። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ባቄላ። ከዚያ ጣቷን ከባቄላው ጋር አስተያየኋት፤ አንድ እጅ ሙሉ፣ ሁለት እጅ ሙሉ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ራሱ መጣ። መሪጌታ በግዕዝ አሐዱ፣ ክልኤቱ ሊያስቆጥሯት ይፈልጋሉ፤ ሐጂ ደግሞ፣ «መሪጌታ፣ በግዕዝ ገበያ ወጥታ ጨው የሚሸጥላት የለም» ይላቸዋል። በዚህ ሲነታረኩ ጊዜው ይሄዳል።

በጣም የምትወደው ጨዋታ የድብቅ ነው። አምስት ባቄላ መዳፌ ላይ አሳያታለሁ። ጨብጬ ወደ ኋላ እወስድና ሁለቱን በሌላው እጄ እደብቃለሁ። ሦስቱን አወጣለሁ።

«ስንት ደበቅሁ?»

ሦስቱን ታያለች፤ ጣቶቿን ታያለች። «ሁለት!» ትላለች። ያን ጊዜ ሌላውን እጄን እከፍትላታለሁ። ሁለቱም አሉ። ሁልጊዜም አሉ። እኔ እንጃ፣ ከመገመቷ ይልቅ እጄ ሲከፈት ማየቱን ነበር የምትወደው።

አንድ ነገር ብቻ ከልክያታለሁ። አንድ ቀን እህሉን ትታ ጣቷን ወደኛ ቀስራ አንድ፣ ሁለት ማለት ጀመረች። መሪጌታ ደንገጥ ብለው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። እኔም እጇን ያዝኳት። በኛ አገር እንደሚታወቀው ሰው አይቆጠርም። ልጆችህ ስንት ናቸው የተባለ ሰው፣ እግዜር የሰጠኝን ያህል ነው ይላል እንጂ ቁጥር አይጠራም። ከብትም ቢሆን በረቱ ሞልቷል ይባላል እንጂ ማን ይቆጥራል። መሪጌታ አጠገባቸው አስቀመጧትና የዳዊትን ታሪክ ነገሯት፤ ንጉሥ ሆኖ ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሠፍት መውረዱን። ምን ያህል እንደገባት አላውቅም። «ባቄላ ቁጠሪ፤ ሰው አይቆጠርም» አልኳት እኔ። ራሷን ነቀነቀች።

ነገር ግን እኛ በየማታው እንቆጠር ነበር። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ፣ በዱላው ጫፍ ትከሻችንን እየነካ፣ ጮክ ብሎ ይቆጥረናል። ያን ጊዜ መሪጌታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ምግብ ስንካፈልም ቁጥሩ ያስቸግረን ነበር። ዘመድ ያለው ስንቅ ይመጣለታል፣ የሌለው አይመጣለትም፤ ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ አድርገን መሪጌታ ይቆርሱልናል። ስንት ቦታ ይቆረስ ለማለት ሰው መቁጠር ሊመጣ ነው። መላውን ያገኘነው በልጅቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ባቄላዋን በቀሚሷ ትይዝና በየሰዉ ፊት አንድ አንድ ታስቀምጣለች፤ ለአንድ ሰው አንድ ባቄላ፣ ልክ እንደ ገበጣው። ከዚያ መልሳ ትለቅምና ለመሪጌታ ትሰጣቸዋለች። መሪጌታ ባቄላውን ቆጥረው ቂጣውን በዚያው ልክ ይቆርሳሉ። የተቆጠረው ባቄላው ነው፣ እኛ አይደለንም። ሰዉ ሁሉ ይህን ወደደው። ባቄላው ደግሞ ከቀን ቀን ያው ነበር፤ ሁልጊዜ በልኩ ይደርስላታል፣ አይጎድል፣ አይተርፍ። የራሷን የመጨረሻዋን ፍሬ ከፊቷ ስታስቀምጥ እጆቿን ታራግፋለች፤ ሥራዋን እንደ ጨረሰች ሴት።

ወሬው የመጣው ውኃ ከምታቀርብልን ሴት ነው። ከእስረኛ ጋር ያሉ ልጆች፣ ነፍስ ያወቁት፣ እየተሰበሰቡ መንግሥት ወደሚያሳድጋቸው ሩቅ ቦታ ይወሰዳሉ ተባለ። ያላወቀው ከእናቱ ጋር ይቆያል። የልደት ወረቀት ያለው ልጅ በኛ አገር የለም፤ ታዲያ በምን ይታወቃል ቢባል፣ ካድሬው ቁጥር ያስቆጥራቸዋል፣ እስከ አሥር የቆጠረ ለትምህርት ደርሷል ተብሎ ይሄዳል። በሌላ ቀበሌ አንዱን ልጅ እንዲህ አድርገው ከእናቱ ጀርባ ላይ አውርደው ወስደውታል አለችን፤ የት እንደ ደረሰም አልታወቀም።

እናቷ ያን ቀን ምንም አልለቀመችም። ወደ ማታ ላይ እኔ ዘንድ መጥታ ተቀመጠች።

«አብዬ፣ ያስተማሩዋትን ያስረሱልኝ» አለችኝ።

ሕፃን አንዴ የያዘውን ነገር እንዴት አድርጎ ሰው መልሶ ይወስድበታል። እናቷ አላለቀሰችም። የሰፌዱን ጠርዝ ይዛ ቁልቁል ታያለች።

«ባሌን ወስደውብኛል ማለት አልችልም፣ ራሱ ነው የሄደው» አለች። «እሷ ግን የምትሄድበትን አላውቀውም። በስሟ እንኳ የሚጠራት አታገኝም።»

ሐጂ አንድ ብልሃት አለኝ አለ። የተሳሳተ ቁጥር አስተምራት፤ ከአራት በኋላ ዘጠኝ በላት፣ ካድሬው ፊትም እንዲያው ትላለች። በነገታው ሞከርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ዘጠኝ አልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አብዬ ተሳሳቱ! አምስትን ዘለሏት» አለች። ደግሜ ዘጠኝ አልኩ። እጄን ይዛ በጣቶቼ ላይ ከመጀመሪያ አስቆጠረችኝ፤ ቀስ እያለች፣ እንደማይገባው ሰው። ሐጂ ሳቁን በጋቢው ጫፍ ያዘ። እናቷም ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷን አዞረች። ዋሺ እንዳንላት ደግሞ ገና ልጅ ናት። ጠመንጃ ፊት ቆማ ውሸት የምታስታውስ አይመስለኝም። ስለዚህ የመጣው ይምጣ ብለን ተውነው። ሌላ ምን እናደርጋለን።

ካድሬው የመጣ ቀን ግቢው ውስጥ ነበርን፤ ፀሐዩ ገና ጠንከር ማለቱ ነው። ልጅቷ ከሰፌዴ ዳር ባቄላውን አሥር አሥር አድርጋ ከምራለች፣ ክምሮቹም በረድፍ ቆመዋል። ሰው የደረደረው መሆኑን ማንም ያውቃል። የግቢው በር ሲከፈት እናቷ አየችኝ፤ ክምሮቹንም አየች። እኔ መዳፌን ሰፌዱ ላይ ዘርግቼ ቀስ ብዬ ደባለቅኋቸው። ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ ተመለከተችኝ። ከጠዋት ጀምራ የሠራችው ሥራ ነው። ያ አስተያየቷ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ካድሬው ወጣት ነው፤ ጃኬት ለብሷል። በአነጋገሩ የስማዳ ልጅ መሆኑን ወዲያው አወቅነው። ክፉ ፊት አልነበረውም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ልጅቷ ፊት ቁጢጥ ብሎ ስሟን ጠየቃት፤ ነገረችው። ዕድሜዋን እናቷን ጠየቀ፤ ጥቢ ሲገባ እንደ ተወለደች እንጂ ዓመቱን እንዳልያዘችው ነገረችው።

«ቁጥር ታውቂያለሽ?» አላት ልጅቷን።

«አዎ» አለች።

እናቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«እስቲ ቁጠሪ።»

«ምኑን?» አለችው።

በሷ ቤት ቁጥር እንዲያው ባዶውን አይጠራም፤ የሚቆጠር ነገር ይኖራል። ካድሬው ዙሪያውን አየ። ዓይኑ ሰፌዴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ፤ መዳፌ አሁንም እህሉ ላይ ነው። ከዚያ ዓይኑ አለፈና እኛ ላይ ቆመ። በስክሪብቶው ጫፍ፣ ግድግዳውን ተደግፈን ወደተቀመጥነው አመለከታት።

«እነዚህን ሰዎች ቁጠሪልኝ።»

እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። እሱ፣ «አንድ በይ» አላት። እኔን አየችኝ፤ አሁን እንኳ አኩርፋኛለች። መሪጌታን አየች። ከዚያ ወደሱ ዞራ፣ «ሰው አይቆጠርም» አለችው።

ታጣቂው እግሩን አዛወረ።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

ለመነሣት ጉልበቴን ስሰበስብ መሪጌታ ከበሩ በኩል ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ ልጄ» አሉ። «ዳዊት ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ የሆነውን ነግሬያት ነው። ልጅ ናት፣ የሰማችውን ትላለች።»

ካድሬው ቁጢጥ እንዳለ ለማንም ሳይሆን፣ «የኔም እናት ጥጃ ስቆጥር እጄን ትመታኝ ነበር» አለ። ፈገግም አለ። የልጅቷን ራስ ነካ አድርጎ ተነሣና ለእናቷ፣ ይቺ ገና ናት፣ ካንቺ ጋር ትቆይ አላት። እናቷ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበቻት። የሳበቻትን አሳሳብ ልነግራችሁ አልችልም።

እኛም እፎይ ልንል ነበር። ካድሬው ግን አልሄደም። ፊቱን ወደኛ መለሰ፤ ፈገግታው ገና አልጠፋም ነበር። ስክሪብቶውን ቀሰረ።

«አንተ» አለ፤ ሐጂን ነው። «አንተ» አለ፤ ተማሪውን ነው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መሪጌታ፣ እርስዎም ይነሡ» አለ።

በአክብሮት ነው የጠራቸው። ወደ ደብረ ታቦር ለጥያቄ ነው፣ ትመለሳላችሁ ተባሉ። ዕቃችሁን ተዉት፣ አያስፈልግም ተባሉ። ተማሪው ሹራቡን ለማምጣት ወደ ውስጥ ሊገባ ነበር፤ ታጣቂው በእጁ መለሰው። ሐጂ ልብሱን አራገፈና ገበጣውን ተመለከተ።

«ተራው የኔ ነው፤ እንዳትነኩብኝ» አለን።

መሪጌታ ሲያልፉ ልጅቷ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዘች፤ እጇን ፈልገው አገኙና ለቀቅ አደረጓት።

ምናልባት ነገሩ ካድሬው ሳይመጣ የተቆረጠ ይሆናል። ምናልባት መሪጌታ ባይናገሩ ሌላ ሰው ይነሣ ነበር። በምን እንደ ለያቸው አላውቅም። እኛ ሁላችንም አንድ ግድግዳ ተደግፈን ነበር የተቀመጥነው፤ አንድ ቂጣ ነው የምንካፈለው። በኋላም ይህን ብዙ ጊዜ አሰብኩት፤ በመልክ፣ በዕድሜ፣ በጥፋት። በየትኛውም ብለየው አይለይልኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ልጅቷ እንደ ወትሮዋ ባቄላዋን በቀሚሷ ይዛ ከክፍሏ ወጣች። አኩርፋኝ ስለነበር እኔን ለመጨረሻ ተወችኝ። በየሰዉ ፊት አንድ አንድ አስቀመጠች። ለእናቷ አስቀመጠች። ለኔም አስቀመጠች። ለራሷ አስቀመጠች። እጆቿን ልታራግፍ ስትል ቀሚሷ ውስጥ አየች።

«አብዬ፣ ተረፈኝ» አለች።

ፍሬዎቹን መዳፏ ላይ አወጣቻቸው። ሦስት ናቸው። ዙሪያዋን አየች፤ የበሩን ስንጥቅ፣ የሐጂን ጥግ፣ የተማሪውን ሹራብ። ከዚያ ፊቷ በራ። ኩርፊያዋም ጠፋ። ይህን ጨዋታ ታውቀዋለች።

«ሦስት ደበቁ!» አለች። «አብዬ፣ የት ደበቋቸው?»

እኔ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። እሷ እጆቼን ታያለች። እስክከፍታቸው ትጠብቃለች። መክፈቱንስ ከፈትኳቸው፤ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ። ባዶ ናቸው። አገላብጣ አየቻቸው። እናቷ ከወዲያ ሆና፣ ነይ ተያቸው አለቻት።

አልሄደችም። ትንሽ ቆማ አሰበች። ከዚያ አንዱን ባቄላ ወስዳ በበሩ ስንጥቅ ሥር፣ መሪጌታ በሚቀመጡበት አኖረች። አንዱን ሐጂ ጥግ። አንዱን ሹራቡ ላይ። እጆቿን አራገፈች።

እነዚያን ፍሬዎች ያነሣቸው የለም። ቂጣውን ያን ቀን የቆረስኩት እኔ ነኝ፤ የሦስቱንም ጨምሬ ቆረስኩት። የተረፈውን ቁራሽ ለእናትና ልጅ ሰጠን፤ እናቷ እምቢ አላለችም፣ ግን አልቅሳ ነው የተቀበለችው።

ማታ ዘበኛው ሊቆጥረን መጣ። ቆጥሮ ሲጨርስ፣ «እንግዲህ ቦታው ሰፍቶላችኋል፣ ተዘርጉ» አለን። ምናልባት ደግ የተናገረ መስሎት ይሆናል። ያ ቤት እንኳን ሊዘረጉበት በጎን ለመተኛትም ተራ የሚያዝበት ነበር፤ አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል። እግሩን ከዘረጋ የሰነበተ ሰው ነበር ከመካከላችን። ነገር ግን ዘበኛው ከሄደ በኋላ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ተነጋግረንም አይደለም። በበሩ ሥር ያለችው ቦታ ባዶ ሆና ቀረች፤ የሐጂም፣ የተማሪውም። እኛ እንደ ትናንቱ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን፣ በጎናችን ተኛን። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። አዲስ እስረኛ እስኪመጣ ድረስ እንዲያ ነበርን፤ ገበጣውንም የነካው አልነበረም። ዘበኛው ገርሞት፣ ምን ሆናችሁ ነው ይለን ነበር። ወጉ እንዲህ ነው አልኩት እኔ። ምን ዓይነት ወግ እንደሆነ አልጠየቀኝም።

እናትና ልጅ ከኔ በፊት ተፈቱ። ዝናብ ሊጥል ዳር ዳር ሲል ነው፤ ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ከዚያ አንገቷን መልሳ ጣለች። ከእናቷ አልተለየችም፤ ያን ጊዜ የፈለግነው ይህን ነበር፣ ሆነ። ወደ እስቴ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። እኔም ተፈትቼ ወደ ማረሻዬ ተመለስኩ። ደብረ ታቦር የሄዱትን የጠየቅሁት ሰው ሁሉ፣ እዚህ የመጣ የለም ነው ያለኝ። ደርግ ከወደቀ በኋላም ጠይቄአለሁ።

አሁን አርጅቻለሁ። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የሕፃናት ክፍል የሚሉት ነው። በቀደም አስተማሪዋ ባቄላ ይዛችሁ ኑ ብላናለች ብሎ መጣ። ለመቁጠሪያ። ከጆንያው ዘገንኩለት፤ የሚፈልገውን ቆጥሮ ወሰደ። መዳፌ ውስጥ የተረፈ ነበር። ወደ ጆንያው ልመልሰው ጎንበስ አልኩና አልመለስኩትም። ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ዳር አስቀመጥኩት። ሚስቴ አይታኛለች፤ ይህን ጠባዬን ስለምታውቀው ምንም አትለኝም።

ማታ ማታ ልጁ ይመጣና ደብቅልኝ ይለኛል። አምስት ባቄላ መዳፌ ላይ ያስቀምጣል። ጨብጬ ወደ ኋላ እወስዳለሁ፣ ሁለቱን በሌላው እጄ እደብቃለሁ፣ ሦስቱን አወጣለሁ። እሱ ጣቶቹን ያያል። ገና ሳይገምት ሌላውን እጄን እከፍትለታለሁ።

«አባባ፣ አታውቅበትም እኮ! ቶሎ ትከፍታለህ» ይለኛል።

እውነቱን ነው። ቶሎ እከፍታለሁ።